የካርቱም መሐል ከተማ ስንት ሱቅ ያስፈልገዋል?

አንድ ከተማ ስንት ሱቅ ያስፈልገዋል? ይህ ጥያቄ ለማዘጋጃ ቤት ሹም ወይም ለነጋዴዎች ማኅበር እንጂ ለታሪክ መምህር የሚቀርብ አይመስልም። ይሁን እንጂ የከተሞችን ታሪክ የተመለከተ ሰው ጥያቄው በየዘመኑ ሲነሣና በየዘመኑም የተለያየ መልስ ሲያገኝ ያያል። መልሱን የሰጠው ማን እንደ ሆነ፣ መልስ ሰጪውም ሲቈጥር ማንን ቈጥሮ ማንን እንደ ተወ መመርመር ደግሞ የታሪክ ትምህርት አንዱ ዋና ተግባር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን የምንከታተለው በጎረቤታችን በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ነው። ካርቱምን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከተማይቱ በሁለት መቶ ዓመት ገደማ ዕድሜዋ ሁለት ጊዜ ፈርሳ ነዋሪዎቿ ተበትነዋል፤ ስለዚህም የገበያ አመሠራረት ከባዶ ሲጀመር ምን እንደሚመስል ታሳያለች። ሁለተኛ፣ ከቅርቡ ጦርነት በኋላ የመሐል ከተማው ገበያ እንደ ነበረ ይሠራ ወይስ ሌላ መልክ ይሰጠው የሚለው ጉዳይ የብዙ ሺህ ቤተሰብ የእንጀራ ጉዳይ ሆኗል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ስለ ቃሉ

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ስለ አንድ ቃል ጥቂት እንበል። “ሱቅ” የምንለው ቃል ከዓረብኛ የመጣ ነው። በዓረብኛ ግን ሱቅ ማለት ገበያ ነው፤ አንዱ መደብር ለብቻው “ዱካን” ይባላል። በእኛ ቋንቋ የገበያው ስም ለአንዱ መደብር ተሰጠ። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን የሠፈር ሱቅ ለረጅም ጊዜ “ዓረብ ቤት” ሲባል መኖሩም ሱቁን ያስለመዱን ነጋዴዎች፣ በተለይም የየመን ሰዎች፣ ከየት እንደ መጡ ይመሰክራል። እንግዲህ ካርቱም ውስጥ “ሱቅ አል-ዓረቢ” ሲባል አንድ ሱቅ ሳይሆን አንድ ሰፊ የገበያ ሠፈር ማለት መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

በትእዛዝ የተመሠረተ፣ በትእዛዝ የተነሣ ገበያ

ካርቱም የተቈረቈረችው ሱዳንን የወረረው የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ሠራዊት በ1820ዎቹ ዓመታት ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ በመስፈሩ ነው። መጀመሪያ የጦር ሠፈር ነበረች። ከ1826 እስከ 1838 ሱዳንን ያስተዳደረው ኩርሺድ ፓሻ ሕዝቡ ከሣርና ከቆዳ ጎጆ ወጥቶ በጡብ ቤት እንዲሠራ አበረታታ፤ መስጊድ፣ የወታደር ቤትና ገበያም ተሠራ። በዚህ ወቅት የሱቅ ተፈላጊነት የሚለካው በወታደሩና በሹሙ ደመወዝ ነበር ለማለት ይቻላል። ከ1840ዎቹ ወዲህ ነጭ ዓባይ ለመርከብ ጉዞ ሲከፈት ግን የዝሆን ጥርስና የባሪያ ንግድ ተስፋፋ፤ የአውሮፓ ቆንስሎችና ነጋዴዎችም ሰፈሩ። ገበያው የከተማውን ሕዝብ ብቻ ሳይሆን ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በግፍ የሚጋዘውን ሕዝብ ጭምር መሠረት ያደረገ ሆነ። ስለ ካርቱም የመጀመሪያ ብልጽግና ስናስተምር ይህን መዘንጋት አይገባም።

ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 የማህዲ ሠራዊት ካርቱምን ያዘ፤ ጄኔራል ጎርደንም ተገደለ። ማህዲ በዚያው ዓመት ሲሞት የተተካው ኸሊፋ ዓብዱላሂ መዲናውን ከወንዙ ማዶ በኦምዱርማን አደረገ። በ1886 የካርቱም ነዋሪዎች ከተማይቱን ለቀው እንዲሻገሩ ታዘዙ፤ የቤቶቹ እንጨትና ጡብ ሳይቀር እየተነቀለ ተወሰደ። የኦምዱርማን ገበያ በየሸቀጡ ተከፍሎ ጨርቁ ለብቻ፣ እህሉ ለብቻ፣ ብረቱና ጫማው ለብቻ ሆኖ ተደራጀ። በዚህ አኳኋን አንድ ገዥ በአንድ ትእዛዝ አንዱን ገበያ አጥፍቶ ሌላውን አቋቋመ። ነገር ግን ትእዛዙ የተሳካው ገበያተኛው ሕዝብ ራሱ ወደ ኦምዱርማን በመዛወሩ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ገዥው ሱቆችን ብቻ አዛውሮ ሕዝቡን በካርቱም ቢተው ኖሮ ውጤቱ ሌላ በሆነ ነበር።

የፈረንጅ ገበያና የዓረብ ገበያ

ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 በከረሪ ጦርነት የኸሊፋው ሠራዊት ሲሸነፍ፣ እንግሊዞች መዲናውን ወደ ካርቱም ፍርስራሽ መለሱ። በኪችነር አመራር አዲስ የመንገድ ንድፍ ወጣ፤ ቀጥ ያሉት መንገዶች በሰያፍ መንገዶች ስለሚቋረጡ ንድፉ የእንግሊዝን ባንዲራ ይመስላል እየተባለ ይነገራል። ኋላም የከተማው መሐንዲስ የነበረው ዊልያም ማክሊን ፕላኑን አስፋፋ፤ ይኸው ሰው በ1918 የኢየሩሳሌምን ፕላን ያዘጋጀ ነው።

የዚህ ዘመን ፕላን ዋና ባሕርይ መሬትን በማዕረግ መከፋፈሉ ነው። በወንዙ ዳር ቤተ መንግሥቱና የሹማምንቱ መኖሪያ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ቦታ፣ ቀጥሎ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ፣ ከሁሉም ውጭ “ደይም” የሚባሉት የሠራተኞች ሠፈሮች ነበሩ። ገበያውም እንዲሁ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ “ሱቅ አል-አፍረንጂ” ተባለ፤ ትርጉሙን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፣ የእኛ “ፈረንጅ” ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነውና። በዚህ ሠፈር የግሪክ፣ የሶርያ፣ የአርመንና የሌሎችም የውጭ አገር ነጋዴዎች መደብሮች ተደረደሩ። ከእነዚህ መካከል ለጦር ሠራዊቱ ስንቅ በማቅረብ የበለጸገው ግሪካዊው አንጄሎ ካፓቶ ስሙ የታወቀ ነበር። ሁለተኛው “ሱቅ አል-ዓረቢ” የተባለው በታላቁ መስጊድ አካባቢ የነበረው ገበያ ሲሆን የአገሬው ቸርቻሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቅመም ሻጭና ዕቃ ለዋጭ የሚሠራበት ነበር።

የአዲስ አበባን ታሪክ የሚያውቅ መምህር እዚህ ላይ አንድ ተመሳሳይነት ያያል። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው ወረራ ወቅት ኢጣሊያኖች በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቅ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው ለአገሬው ሕዝብ የተለየ ገበያ አቋቋሙ። የቀድሞው ስፍራ ፒያሳ ተብሎ ለአውሮፓውያን መደብሮች ሲመደብ፣ አዲሱ በራሳቸው ቋንቋ መርካቶ ተባለ። በካርቱምም ሆነ በአዲስ አበባ ፕላን አውጪዎቹ ሲቈጥሩ ዋናው ገዢ ደመወዝተኛው ፈረንጅ እንደ ሆነ አድርገው ነበር። በሁለቱም ከተሞች ግን ከዘመን በኋላ ተስፋፍቶ የተገኘው ለሰፊው ሕዝብ የተተወው ገበያ ነው።

ስለ ምን? በካርቱም በኩል ዋናው ምክንያት መጓጓዣ ነበር። የባቡር ሐዲዱ በ1899 መጨረሻ ከጥቁር ዓባይ በስተ ሰሜን ከሚገኘው ከሰሜን ካርቱም ደረሰ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ድልድይ ተሠርቶ ወደ ካርቱም ገባ። በ1920ዎቹ የነጭ ዓባይ ድልድይ ሲሠራ ትራም ካርቱምንና ኦምዱርማንን አገናኘ። ኋላም የአውቶቡስና የታክሲ መናኸሪያዎች በሱቅ አል-ዓረቢ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ከኦምዱርማን ወደ ደቡብ ሠፈሮች የሚሄድ ሰው፣ ከሰሜን ካርቱም ወደ ሥራው የሚመጣ ሰው፣ ሁሉም እዚያ ወርዶ እዚያ ይሳፈራል። በወረደበትም ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ የልጁን ጫማ ገዝቶ ይሄዳል። ገበያውን ያሰፋው የነዋሪ ብዛት ብቻ ሳይሆን የመንገደኛ ብዛት ነበር።

ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

በሃያኛው ክፍለ ዘመን የሱቅ ተፈላጊነት በቁጥር መለካት ጀመረ። አሜሪካዊው ዊልያም ራይሊ በ1931 የአንድ ከተማ ገበያ ሸማችን የመሳብ ኃይሉ ከሕዝቡ ብዛት ጋር እንደሚጨምርና ከርቀት ጋር እጅግ እንደሚቀንስ ጻፈ። ጀርመናዊው ዋልተር ክሪስታለር በ1933 የደቡብ ጀርመንን ከተሞች አጥንቶ፣ እያንዳንዱ ሸቀጥ ሱቁን ለማኖር የሚበቃ ዝቅተኛ የገዢ ቁጥርና ገዢው ሊሄድለት የሚፈቅደው የርቀት ወሰን እንዳለው አስረዳ። ጨው በየሠፈሩ ይሸጣል፤ የእጅ ሰዓት ግን በትልቅ ከተማ ብቻ የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ከእነዚህ ሐሳቦች የተወለደው ስሌት በቀላል ምሳሌ ሊገለጽ ይችላል። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ብቻ ናቸው። 20,000 ሕዝብ ያለው ከተማ አለ እንበል። እያንዳንዱ ሰው በወር 100 ብር የሱቅ ዕቃ ቢገዛ ጠቅላላው 2,000,000 ብር ይሆናል። አንድ ሱቅ ሳይከስር ለመኖር በወር 40,000 ብር መሸጥ ካለበት ከተማው 50 ሱቆችን ይችላል። አሁን ያሉት 35 ከሆኑ 15 አዲስ ሱቆች ያስፈልጋሉ ማለት ነው።

ነገር ግን ከሕዝቡ ወጪ ግማሹ በቅዳሜ ገበያ በጉሊት ላይ የሚውል ቢሆንስ? ለሱቆቹ የሚተርፈው 1,000,000 ብር ብቻ ነው፤ ይህም 25 ሱቆችን ብቻ ያኖራል። በዚህ አቈጣጠር ከተማው 15 ሱቅ ጐድሎት ሳይሆን 10 ሱቅ በዝቶበት ይገኛል። የሕዝቡ ብዛት ያው፣ የሱቁም ቁጥር ያው ሆኖ መልሱ የተገለበጠው በመካከል ስለ ገባው ግምት ነው። ስለዚህ አንድ ጥናት “ከተማው ይህን ያህል አዲስ ሱቅ ያስፈልገዋል” ሲል የመጀመሪያው ጥያቄያችን “ስንት?” ሳይሆን “ምን ተገምቶ?” መሆን አለበት።

ስሌቱ ያልቈጠራቸው

ሱዳን በ1956 ነጻነቷን ስታውጅ ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ሰሜን ካርቱም በአንድነት ሩብ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራቸው። ግሪካዊው ዶክሲያዲስ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለካርቱም ሰፊ ፕላን አወጣ። ይህ የእስላማባድንም ፕላን ያዘጋጀ ባለሙያ የሚታወቅበት ዘዴ ከተማን በደረጃ በደረጃ ወደ ሠፈሮች ከፍሎ ለየሠፈሩ የራሱን ገበያና አገልግሎት መመደብ ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ ሜፊት የተባለ የኢጣሊያ ድርጅት ሌላ ፕላን አዘጋጀ። ሁለቱም በዘመናቸው ዕውቀት የተሠሩ ነበሩ፤ ሁለቱንም ግን ያልተጠበቀ ነገር ቀደማቸው።

በ1970 የኒሜይሪ መንግሥት ባንኮችንና ብዙ የንግድ ድርጅቶችን ወረሰ። ከፈረንጅ ገበያ ባለቤቶች ብዙዎቹ ቀስ በቀስ አገሩን ለቀቁ። ቀጥሎ በ1984 እና በ1985 የደረሰው ድርቅ ከኮርዶፋንና ከዳርፉር እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ መዲናይቱ ዳርቻ አፈለሰ፤ ከ1983 ጀምሮ የቀጠለው የደቡቡ ጦርነትም ሌላውን ጨመረ። ከአገራችንም በጦርነትና በረሃብ የተሰደዱ ወገኖች በተለይ ደይም በሚባለው ሠፈር ተቀመጡ። በ1983 ቈጠራ 1.3 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የሦስቱ ከተሞች ሕዝብ እየበዛ ሄዶ፣ በ2008 ቈጠራ የካርቱም ክፍለ ሀገር በጠቅላላው ከ5 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

ይህ ሕዝብ ገበያውን ራሱ ሠራ። በኦምዱርማን ምዕራባዊ ዳርቻ የጭነት መኪናዎች ከምዕራብ ሱዳንና ከሊቢያ በሚደርሱበት ስፍራ “ሱቅ ሊቢያ” የተባለው ገበያ ተስፋፍቶ ከአገሪቱ ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ሆነ። በመሐል ካርቱም ደግሞ ሱቅ መከራየት የማይችሉ ሴቶች ከሰል ምድጃና ጥቂት ብርጭቆ ይዘው በየጥላው ሥር ሻይና ቡና መሸጥ ጀመሩ። ከእነዚህ መካከል ከጦርነት የተፈናቀሉ ሱዳናውያት፣ እንዲሁም ኢትዮጵያውያትና ኤርትራውያት ይገኙባቸዋል። ለሹማምንቱ እነርሱ የንግድ አካል ሳይሆኑ የመንገድ እንቅፋት ነበሩ፤ “ከሻ” በሚባለው አፈሳ ዕቃቸው ሲወሰድ ኖሯል። ነገር ግን አንድ የቀን ሠራተኛ ከእነርሱ ዘንድ ሻይ ሲጠጣ የሚከፍለውም ገንዘብ ከከተማው የሸማች ወጪ የሚቈጠር ነው። ስሌቱ ይህን ከተወ መነሻው ተሳስቷል ማለት ነው።

ሌላው ያልተቈጠረ ነገር ዱቤ ነው። በካርቱም ሠፈሮች ባለ ዱካኑ ለሚያውቀው ቤተሰብ እስከ ወር መጨረሻ በደብተር እየጻፈ ይሸጣል፤ ዘይቱንና ስኳሩን በጥቂት በጥቂቱ እየከፈለ ይሰጣል። እኛም ከሠፈር ሱቅ ጋር የኖርንበት አኗኗር ይኸው ነው። የዕለት ገቢ ያለው ሰው ትልቁ መደብር በርካሽ ቢሸጥም በአንድ ጊዜ ብዙ መግዛት ስለማይችል ርካሹ ዋጋ አይደርሰውም። ሱቅ ለእርሱ ዕቃ የሚገኝበት ብቻ ሳይሆን የሚታመንበትም ቦታ ነው።

ከ1999 ጀምሮ ሱዳን ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ስትጀምር የተለየ ስሌት መጣ። በ2004 በደቡብ ካርቱም አፍራ የተባለው ትልቅ የገበያ አዳራሽ ተከፈተ። በመሐል ከተማም የተባበሩት መንግሥታት አደባባይ ይባል በነበረው ስፍራ ላይ አል-ዋሐ የተባለ ዘመናዊ የንግድ ሕንፃ ተሠራ። እነዚህ ቦታዎች መኪና ላለውና የነዳጁ ገንዘብ ለደረሰው ክፍል ምቾት እንደ ሰጡ አይካድም። በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ግን አብዛኛው የነዳጅ ገቢ አብሮ ሄደ። የሸማቹን አቅም በአንድ የሀብት ምንጭ ላይ የመሠረተ ስሌት ምንጩ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ከዚህ እንማራለን።

ከጦርነቱ በኋላ

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርና በፈጣን ድጋፍ ኃይሎች መካከል ጦርነት ሲፈነዳ መሐል ካርቱም የውጊያ ሜዳ ሆነ። ሱቆች ተዘረፉ፣ ሕንፃዎች ተቃጠሉ፤ የኦምዱርማን አሮጌ ገበያም በእሳት ተጐዳ። በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ተሰደደ። በዚሁ ጊዜ በሰሜን ኦምዱርማን ከረሪ በተባለው አካባቢ ከውጊያው የሸሹ ሰዎች በመሰብሰባቸው ገበያው እዚያው ደመቀ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2025 በዚያ አካባቢ በሚገኘው በሳብሪን ገበያ ላይ በተተኰሰ መድፍ ከ50 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ሰዎች ዱቄትና አትክልት ለመግዛት ሕይወታቸውን አስይዘው ይወጡ እንደ ነበር ዓለም አወቀ። ስለ ሱቅ ተፈላጊነት ከዚህ የበለጠ መራራ ማስረጃ ሊገኝ አይችልም።

በማርች 2025 የሱዳን ጦር መሐል ካርቱምን መልሶ ያዘ፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ወደ መዲናይቱ ተመልሰዋል። እንግዲህ የመሐል ከተማው ሱቆች እንደ ገና ይሠሩ ወይ? ስንቱ? ለማን? የቀድሞው ታሪክ ሦስት ነገሮችን ያስተምራል ብለን እናምናለን።

አንደኛ፣ የተመለሰው ሕዝብ የሰፈረው የት እንደ ሆነ ሳይታወቅ የፈረሰውን ሱቅ ቈጥሮ ያንኑ ያህል መሥራት ስሕተት ሊሆን ይችላል። ሰዎች በስደት ዓመታት ሌላ ገበያ ለምደዋልና። ሁለተኛ፣ መናኸሪያው የሚተከልበት ስፍራ ከማናቸውም ሕንፃ ይልቅ የገበያውን ዕድል ይወስናል። መናኸሪያውን አርቆ ሱቁን በቀድሞው ቦታ መተው ባለሱቁን ያለ ገዢ ማስቀረት ነው። ሦስተኛ፣ በመዝገብ ያልሰፈሩት፣ ሻይ ሻጯ፣ ጉሊት ቸርቻሪውና ስደተኛው፣ ካልተቈጠሩ አዲሱ ፕላን የማዕረግ ድልድሉን በሌላ ስም ይደግመዋል። ከተማን ንጹሕ ማድረግ የተቀደሰ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ጽዳቱ ድኻውን ከእንጀራው የሚያጸዳ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል።

ለክፍል ሥራ

ይህ ታሪክ ለተማሪዎቻችን የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ እንዳይቀር መምህራን በየከተማቸው ሊያሠሩት የሚችሉት ቀላል ጥናት አለ። ተማሪዎች በቡድን ተከፍለው በመጀመሪያ የከተማውን ዋና መንገድ ሱቆች በየዓይነታቸው ይቍጠሩ። ሁለተኛው ቡድን በአንድ የገበያ ቀንና በአንድ ተራ ቀን በመናኸሪያው የሚወርደውን መንገደኛ ይመዝግብ። ሦስተኛው ቡድን የየቤተሰቡን ፈቃድ ጠይቆ ስኳር፣ ልብስና የትምህርት መሣሪያ ከየት እንደሚገዛና በዱቤ ይሁን በእጅ በእጅ ይጠይቅ። አራተኛው ቡድን ሽማግሌዎችን አነጋግሮ ገበያው ከሃምሳ ዓመት በፊት የት እንደ ነበረና ስለ ምን እንደ ተዛወረ ይጻፍ። በመጨረሻም ክፍሉ በአንድነት ከላይ ያሳየነውን ስሌት በሁለት የተለያዩ ግምቶች ይሥራውና መልሶቹን ያወዳድር።

ተማሪዎቹ ሁለት የተለያዩ መልሶችን ሲያገኙ አንዱ የግድ የሒሳብ ስሕተት እንዳልሆነ መምህሩ ያስረዳቸው። ከዚያም በእያንዳንዱ ስሌት ማን ተቈጥሮ ማን እንደ ቀረ ይጠይቃቸው። ይህን ጥያቄ በልጅነቱ የለመደ ሰው ነገ የማዘጋጃ ቤት ሹም ወይም መሐንዲስ ቢሆን፣ እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት በመናኸሪያው ቆሞ ሕዝቡን ይመለከታል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።